ራሟን ከመንካታችሁ በፊት፦ ስታቲክ፣ ሀረጎና የሚነዝረው ኬዝ

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ናችሁ? እኛ ደሴዎች ብርድ ላይ ነን። ታኅሣሥ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሁሉም ሰው ፖሊስተር ሹራብ ደራርቧል። ማታ ሹራቡን ስታወልቁ ጧ ጧ ይላል አይደል? ጨለማ ከሆነ ብልጭ ይላል። የዛሬው ርዕሳችን እሱ ነው። ስታቲክ፣ ማለትም ነገሮች ሲፋተጉ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ።

ምንነቱን ዘልዬዋለሁ። ብዕር ፀጉራችሁ ላይ አሽታችሁ ወረቀት ያነሳችሁ ልጆች ናችሁ፣ ታውቁታላችሁ። ጥያቄው ሌላ ነው። እኛን የማይገድል ነገር ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ) እንዴት ይገድላል?

እዚህ ጋ የምወዳትን ምሳሌ አመጣለሁ። ቮልት ማለት ከፍታ ነው በሉ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመሀል ያለውን ቁልቁለት፣ ሀረጎን የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል። (ኮምቦልቻዎች፣ በሙቀታችሁ አትኩራሩብን።) አሁን እናንተ ደሴ ናችሁ። ራሟ ኮምቦልቻ ናት። በየቦታችሁ ከተቀመጣችሁ ሰላም ነው። ከፍ ብሎ መቀመጥ ብቻውን ማንንም አይጎዳም። ጣታችሁ ራሟን ሲነካ ግን መንገዱ ተከፈተ። ላያችሁ ላይ የተጠራቀመው ቻርጅ ፍሬን እንደበጠሰ የጭነት መኪና ቁልቁል ይወርዳል። ታች ቆማ የምትጠብቀው ራሟ ናት።

እና መፍትሔው ምንድን ነው? እኩል መሆን። እደግመዋለሁ፣ እኩል መሆን። ሁለታችሁም ደሴ ከሆናችሁ ቁልቁለት የለም። ሁለታችሁም ኮምቦልቻ ከሆናችሁም የለም። የኬዙን ቀለም ያልተቀባ ብረት ስትነኩ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ከተማ ገባችሁ ማለት ነው። እጃችን ላይ አስረን በገመድ ከኬዙ ብረት ጋር የምናያይዘው የእጅ ማሰሪያስ? ገመዱ ውስጥ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር (ፍሰቱን የሚገድብ ዕቃ) አለ። እሱ ሀረጎን በአንደኛ ማርሽ መውረድ ነው። ቻርጁ ይወርዳል፣ ግን ሳይምዘገዘግ። በስህተት ኤሌክትሪክ ብትነኩም ወደ እናንተ የሚያልፈውን ይቀንስላችኋል። እንዲህም ሆኖ በማሰሪያ ታስራችሁ ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር አትክፈቱ።

ቁጥር ለምትወዱ፦ ጧ የሚለው ነገር ለጣታችን የሚሰማን ወደ 3,000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው። አንዳንድ ቺፕ ግን ከ100 ቮልት በታች ይጎዳል። ስለዚህ «ምንም አልተሰማኝም» ማስረጃ አይሆንም። የባሰው ደግሞ ቺፑ ወዲያው ላይሞት ይችላል። ቆስሎ ይሠራል። ከወራት በኋላ ኮምፒውተሩ በየመሀሉ ቀጥ ይላል፣ ባለቤቱ «ፎርማት አድርጉልኝ» ብሎ ይመጣል። ፎርማት ያደርጉለታል። ቀጥ ማለቱ ይቀጥላል።

አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ልበል። ገመዱን ንቀሉ። ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ የቀረው ይፍሰስ። ብረቱን ንኩ፣ በየመሀሉም ደግማችሁ ንኩ። ካርዱን በጠርዙ ያዙ። ምንጣፍና ብርድ ልብስ ላይ አትሥሩ። እባካችሁ፣ ራም በፌስታል አትያዙ! በመጣችበት በብርማው ከረጢት ትቀመጥ። የራሟን ጥርስ በላጲስ የምትፈትጉም አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። መፈተግ ራሱ ስታቲክ ይፈጥራል። አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ደረቅ አየር ነገሩን ያባብሰዋል፤ ክር ፋብሪካ የሠራችሁ ኮምቦልቻዎች የመፍተያ ክፍሉ አየር ለምን እርጥብ እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። አንዱ ምክንያት ይኼው ነው።

አሁን ወደ ሌላ ቪዲዮ ልሄድ ነበር፣ ኮሜንታችሁ አላስኬደኝም። «ኬዙን ስነካ ይነዝረኛል፣ ስታቲክ ነው ወይ?» አንድ ሰው ብቻ ቢጠይቅ ባለፍኩት። አይደለም! ስታቲክ አንዴ ጧ ብሎ ያልቃል። የእናንተው ሶኬቱ ላይ እስካለ ድረስ ዝዝዝ ይላል። ልዩነቱ ይኼ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ከሁለቱ መስመሮች ወደ ኬዙ የተያያዙ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ፣ ረብሻ ለማጣራት። በነሱ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ያልፋል። ግራውንድ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድ መስመር) ካለ በዚያው ይወርዳል። ግራውንድ ከሌለ ኬዙ የ220ውን ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ይዞ ይቀመጣል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። ጠንከር ካለ ግን ሌላ ብልሽት ሊሆን ይችላል፤ ነቅላችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

«ግራውንድ እንዲያገኝ ሰክታችሁ ሥሩ» የሚለውን የውጭ ቪዲዮ የላካችሁልኝ ልጆችም አብሽሩ፣ ሰውዬው አልዋሸም። የሱ ሶኬት ግራውንድ አለው። የእኛ ቤቶች ውስጥ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ተገጥሞ ሦስተኛው ከምንም ጋር ሳይያያዝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ጥርስ ያለው ማከፋፈያ ይጨመርበታል። በዚህ ሁኔታ ሰክቶ መሥራት ራሟን 110 ቮልት ይዞ ከቆመ ኬዝ ጋር ማገናኘት ነው። ስለዚህ ንቀሉ። እኩል መሆን እንጂ ግራውንድ ማግኘት ግዴታ አይደለም።

ሶኬታችሁ ግራውንድ እንዳለው በመለኪያ እንዴት እንደሚታወቅ በሚቀጥለው ቪዲዮ አሳያችኋለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ። እሷ አትነዝርም።