ስለ አንዲት ተከራይ እና ስለ ዕድራችን ደንብ
(በሐዋሳ በሠፈር ዕድሮች ዓመታዊ ጉባኤ በሰብሳቢዋ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከከተማው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ? ዝናቡ ሳይበግራችሁ በሰዓቱ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። የሒሳብ ሪፖርቱ ከሻይ በኋላ ይቀርባል። ከዚያ በፊት ስለ አንድ በር ልናገር።

ከጎረቤቴ ግቢ ጀርባ በተርታ የተሠሩ ስድስት የኪራይ ክፍሎች አሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ወንፊት ልዋስ ገብቼ፣ ከውጭ በተቆለፈ በር ሥር ትናንሽ ጣቶች አየሁ። ጣቶቹ አንድ ቆርኪ ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ መልሰው ይስባሉ። በቀዳዳ ሳይ የሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ አጠገቧ ግማሽ ዳቦና በጆግ ውኃ ተቀምጧል። አታለቅስም። ያስደነገጠኝም እሱ ነው፤ ለምዳዋለች።

እናትየዋ ማታ ከፋብሪካ ሰርቪስ ስትወርድ ጠብቄ “አንቺም እናት ነሽ?” አልኳት፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ። አልመለሰችልኝም። ጎንበስ ብላ የዳቦውን ፍርፋሪ ከወለሉ መልቀም ጀመረች። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ግን የለም። ከሳምንት በኋላ ቡና አፍልቼ ጠራኋትና ነገረችኝ። ሦስት አከራዮች ልጅ አላት ብለው መልሰዋታል። አራተኛው “የልጅ ድምፅ እንዳልሰማ” ብሎ ተቀበላት። ልጅቱን ትይዝላት የነበረችው እህቷ ወደ ገጠር ተመልሳለች። ከደመወዟ ላይ ኪራይ ሲነሳ የሚተርፈው ለሕፃናት ማቆያ አይበቃም።

የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 576 ሕፃንን መበደልንም፣ ችላ ማለትንም ያስቀጣል። በሕጉ እናትየዋን መክሰስ ይቻል ይሆናል። በሩን የቆለፈችው ግን ብቻዋን ነው? ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ከየገጠሩ ወጣት ሴቶች በሺዎች መጡ። ሼዱ ቀድሞ ተሠራ፤ ማደሪያውና የልጅ ማቆያው ወደ ኋላ ቀረ። በ2014 የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ሲዘጋብን ደግሞ የብዙዎች እንጀራ ተነካ። የ2011 የሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል፤ መልካም ነው። ከዚያ በኋላስ ልጁ የት ይዋል? ለአባት የተሰጠው ሦስት ቀን ነው፤ ገንፎውን ለመብላት ይበቃው ይሆናል። የ2010 የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ግን መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ስለዚህ ለቢሮ ሠራተኛ የታሰበው ለልብስ ሰፊዋም ሊታሰብ ይችላል ማለት ነው።

“ድህነት ሰበብ አይሆንም፤ እኛም ደህይተን ነው ያሳደግነው” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን እኛ ስናሳድግ ጎረቤት ነበረን። ደግሞም አሜሪካኖች ያጠኑት አለ፤ በእነሱ አቆጣጠር በ2017 በወጣ ጥናት ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በአንድ ዶላር ከፍ ሲል፣ ‘ልጅ ችላ ተባለ’ የሚለው ጥቆማ ወደ 10 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። የእናቶቹ ጠባይ በአንድ ዶላር ተለወጠ ልትሉኝ ነው?

ስለ ጎረቤት ካነሳሁ አይቀር፣ በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ብዙ ሰው የሚያነሳው የኪራይ ጭማሪውን ብቻ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሁለት ዓመቱ ነው። በየአራት ወሩ ዕቃዋን በባጃጅ የምትጭን እናት ልጇን “አንድ ጊዜ እይልኝ” የምትለው ሰው ከየት ታገኛለች?

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ የምትቆጡኝም እዚህ ላይ ነው። የአብዛኞቻችን ደንብ የቤት ባለቤት ያልሆነን ሰው አባል አያደርግም፤ ወይም ዋስ ይጠይቃል። ያቺ ልጅ፣ አያድርገውና፣ ብትሞት ድንኳን አንተክልላትም። በሕይወት እያለች ደግሞ በደንባችን ውስጥ የለችም። ስለዚህ ተከራይ ያለ ዋስ እንዲገባ የሚል ማሻሻያ በአጀንዳው ተራ ቁጥር ሦስት ላይ አስይዣለሁ። አራተኛው የዕድሩ አዳራሽ ነው። ለቅሶ ከሌለ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተዘግቶ ይውላል። ወንበር አለው፣ ውኃ አለው፣ ድስቱማ ተርፎታል። ለሃያ ሕፃናት መዋያ ቢሆን፣ ሁለት ጡረተኛ መምህራት ለመያዝ ፈቃደኛ ሆነዋል። “ልጅ ቢወድቅ ተጠያቂው ማን ነው?” ያሉኝ ዳኛ አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ከጽሕፈት ቤቱ የመጡትን ባለሙያ የጋበዝነውም እሱን እንዲመልሱልን ነው።

እናትየዋን ጋብዣት ነበር፤ ቅዳሜም ፈረቃ ስላላት አልመጣችም። ልጅቱ እኔ ቤት ከልጄ ጋር ናት። ልጄ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ ስለምትገባ ከዚያ በፊት ብንጨርስ ደስ ይለኛል። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ጸሐፊያችን፣ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ያንብቡልን።