ጅቡ ይበላል፦ የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከወልድያ፣ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲና ከከሚሴ የመጣችሁ የመድረክ ሰዎች፣ ግብዣችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ አባቶችና እናቶች፣ እንኳን ወደ ደሴ በደህና መጣችሁ።

እንደምታውቁት ከአባል ቡድኖቻችን አንዱ ዘንድሮ አስፈሪም አስቂኝም የሆነ ሙዚቃዊ ተውኔት እየተለማመደ ነው። ስምንት ተዋናዮች፣ አራት ሙዚቀኞች፣ በሌሊት ከተማ እየገባ የሚዘፍን አንድ ጅብ። በመድረካችን የተለመደ ሥራ አይደለምና ጥያቄው በዝቷል፤ አብዛኛው ጥያቄ ስለ ደሙ፣ ስለ ጭሱና ስለ ጭንብሉ ነው። ወደ እነሱም እመጣለሁ። ነገር ግን ትንሽ ቡድን ያለችው ገንዘብም የልምምድ ሰዓትም ጥቂት ናትና በቅድሚያ ለጆሮ ትዋል እላለሁ። ተመልካቹ ጅቡ ከወረቀትና ከሙጫ እንደተሠራ ያውቃል፤ ድምፁን ግን እንዲህ በቀላሉ ከራሱ አያርቀውም።

በዚህ በኩል ወሎ የታደለ ነው። አምባሰልም ባቲም አገራችን ናቸው፤ የቅኝት ስም ሆነው ኢትዮጵያን አዳርሰዋል። ለዚህ ተውኔት ግን ዋናው ቅኝት አንቺ ሆዬ ነው። ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ኖታ ነው። ከዶ እስከ ሶል ፍላት ስድስት ግማሽ ድምፅ አለ፤ የኦክታቩ፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት፣ ልክ እኩሌታ ነው፤ ጆሮ ማረፊያ የሚያጣበት ርቀት። ይህ ቅኝት ደግሞ በሰርግ ዘፈን የምናውቀው ነው። በደቂቃ 120 ምት በከበሮና በጭብጨባ ሲሄድ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል። ያንኑ ዜማ ወደ 50 ምት አውርዱት፤ ከበሮው ይውጣ፤ ማሲንቆው ብቻውን ከዶ ወደ ሶል ፍላት ጣት ሳያነሳ እየተንሸራተተ ይሂድ። አንድም ኖታ አልተለወጠም፤ ሰርጉ ግን ሌላ ሆነ። ሳቁም ፍርሃቱም ከአንድ ዜማ ሊወጣ ይችላል፤ የዚህ ተውኔት አጥንት እሱ ነው።

ችግር የሚመጣው ቅኝት ሲቀየር ነው። ባለ ስድስት አውታር ክራር ከአንቺ ሆዬ ወደ አምባሰል ለመግባት ሁለት አውታር ይበቃዋል፤ ሶል ፍላት ወደ ሶል ይወጣል፣ ላ ወደ ላ ፍላት ይወርዳል። ሙሉ ትዝታ ወደሚባለው ቅኝት ለመግባት ግን ሦስት አውታር መነካት አለበት፤ በትዕይንት መካከል ይህ አይቻልም። ሁለት ክራር አስቀድሞ ተቃኝቶ ይቀመጥ። ዋሽንትም እንዲሁ ነው፤ ቀዳዳው አይንቀሳቀስምና ለየቅኝቱ የሚሆነው ዋሽንት በትዕይንት ቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ይደርደር። የማሲንቆ ጭራ በደሴ እርጥበት ይላላል፤ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊትና በእረፍቱ ሰዓት ከኪቦርዱ ጋር ይመሳከር።

ቀጥሎ ቃሉ። በግጥሙ አዝማች ላይ «ጅቡ ይበላል» የሚል አለ። ላልቶ ሲነገር ጅቡ በላተኛ ነው፤ በ እና ላ ሲጠብቁ ጅቡ ራሱ ሊበላ ነው። ፊደላችን ሁለቱን አይለይም፤ ዜማው ነው መለየት ያለበት። ደራሲውና ዜመኛው ተቀምጠው ካልተስማሙ የተውኔቱ ትልቁ ቀልድ በከንቱ ይቀራል። ፈጣን ኖታ ጥብቀትን ይውጣል፤ ስለዚህ በመጨረሻው አዝማች ላይ «ይ» ረዘም ያለ ኖታ ትያዝ፣ ከ«በ» በፊት ድምፅ ለአፍታ ይታፈን፣ ሙዚቃውም ሁለት ምት ዝም ይበል። በመጀመሪያዎቹ አዝማቾች ላልቶ የሰማ ታዳሚ በመጨረሻው ጠብቆ ሲሰማ ምን እንደሆነ ራሱ ያገኘዋል። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሕዝብ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም፤ ወርቁን በእጅ እየጠቆሙ ማሳየት ግን ያበላሸዋል።

ሳቁ ሲመጣ የሚቀጥለው ስንኝ እንዳይዋጥ ሙዚቀኞቹ ባለ አራት ባር፣ ማለትም አራት የምት ክፍል ያለው፣ አጭር ዙር ይዘው ይጠብቁ፤ መሪው ምልክት እስኪሰጥ ይደጋግሙ። ሳቁ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ መውረድ ሲጀምር ይገባል። ተዋናዩም ከልቡ ይፍራ። ለማሳቅ ብሎ የፈራ መስሎ የሚታይ ተዋናይ ፍርሃቱንም ሳቁንም ያጣል። ስለ ጅቡ ሳቅም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጅብ ሳቅ የሚመስለውን ድምፅ የሚያሰማው በአብዛኛው ሲባረር፣ ሲጠቃ ወይም በምግብ ላይ ሲሻማ ነው። የጅቡን ሚና የሚጫወተው ልጅ ይህን ቢይዝ ሳቁ ከጭንቀት ይወጣለታል፤ ያን ጊዜ ያስፈራልም ያስቃልም።

ጭንብሉ ግማሽ ፊት ብቻ ይሸፍን፤ የዘፋኝ አፍና አገጭ ነፃ መሆን አለበት። የሚንቀሳቀስ መንጋጋ ካስፈለገ ከተዋናዩ ግንባር በላይ ይሁንና በክር ይሳብ። መንጋጋውን የሚስበው ሰው ፊደሉን ይከተል፤ በራብዕ በሰፊው ይከፈታል፣ በሳድስ ሊዘጋ ይቃረባል። በየፊደሉ እኩል ከተከፈተ የሚዘፍን ሳይሆን የሚያመነዥክ ይመስላል። ሥራው የጋዜጣ ወረቀትና የዱቄት ሙጫ ነው፤ 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በ4 ኩባያ ውሃ ተፈልቶ፣ እንዳይሻግት 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ይገባበታል። ከአምስት እስከ ስድስት ድርብ ይበቃል። በክረምት ጉም አንዱ ድርብ ሳይደርቅ ሌላው ከተለጠፈ ከውስጥ ይሻግታል፤ ተዋናዩ ደግሞ ያንን ይተነፍሳል። ቸኩላችሁ አትደርቡ።

ደሙ ቀላል ነው። 2 ኩባያ ስኳር በ1 ኩባያ ውሃ ይፈላና ሲበርድ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ለማጥቆር ትንሽ ካካዎ። አፍ የሚነካው በዚሁ ይቀራል፤ ልብስ ለሚነካው ብቻ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርበት፣ አለዚያ ከነጠላው አይለቅም። በቀይ መብራት ሥር ግን ቀዩ ደም ፈዝዞ ይጠፋል፤ ለዚያ ትዕይንት ነጭ ወይም ቢጫ መብራት ስጡት። ወለል ላይ የፈሰሰው ከመጣበቁ በፊት ይጠረግ።

ስለ ኤሌክትሪኩ አደራ። ባለ 1000 ዋት ፓውዛ በ220 ቮልት ከ4 ተኩል አምፔር በላይ ይስባል፤ ስለዚህ በ16 አምፔር መስመር ላይ ከሦስት በላይ አይሰካም። የድምፅ ዕቃው በሌላ መስመር ይሁን፤ ከመብራቱ ጋር ከተሰካ ስፒከሩ ያጉረመርማል። መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚሠራ ሁለት አምፖል ከመድረኩ ግርጌ ወደ ላይ እንዲያበራ አዘጋጁ፤ ከታች የተበራ ፊት በራሱ ያስፈራልና ትዕይንቱ አይቆምም። የአዳራሹ መስኮት በድርብ ጥቁር ጨርቅ ካልተሸፈነ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ጨለማ የሚባል ነገር የለም። በጨለማው መካከል ተዋናይ እንዳይወድቅ የመድረኩ ጠርዝ ነጭ ቴፕ ይለጠፍበት።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልናገር። በሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪውና በቆዳ ፋቂው ላይ ስንት ግፍ እንደተሠራ እናውቃለን። ጅብ ያለበት ተውኔት ሳያስበው ወደዚያ ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ጅቡ ጅብ ሆኖ ይጀምር፣ ጅብ ሆኖ ይጨርስ፤ ሰው ወደ ጅብ የሚለወጥበት ትዕይንት አይኑር። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወገኖቹን በረሃብ የቀበረ ሕዝብ ፊት የረሃብ ቀልድ አይቅረብ። በ2014 ዓ.ም. ይህች ከተማ ጦርነት አይታለች፤ የተኩስ ድምፅ ከስፒከር አይውጣ፣ ድንገተኛ ፍንዳታም አይኑር። ማስደንገጥ ካስፈለገ ሙሉ ዝምታና አንድ የከበሮ ምት ይበቃል። የመንዙማም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ለጅቡ አይሰጥ። ይህን የምለው ሥራውን ለማጥበብ አይደለም፤ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ጎረቤቶቻችን ስለሆኑ ነው። መግቢያው ላይም ተውኔቱ ለሕፃናት እንደማይሆን በግልጽ ይለጠፍ።

ስለ መብትም በአጭሩ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለእኛም ይሠራል። ቅኝት የማንም አይደለም፤ አንድ ዜመኛ የደረሰው ዘፈን ግን የእሱ ነው፤ ግጥሙን ቀይሮ ለጅቡ ማዘፈን ፈቃድ ይጠይቃል። የውጭ ተውኔት መተርጎምም እንዲሁ።

ለተለማማጁ ቡድን አብሽሩ እላለሁ፤ የጀመራችሁት ከባድ ነው፣ ማኅበሩም ከጎናችሁ ነው። የጭንብሉ ናሙናና ሁለቱ ክራሮች ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ በሻይ ሰዓት አንስታችሁ ሞክሩ። የመጀመሪያው አጀንዳ የመጋረጃና የመብራት ዕቃ በየከተማው እንዴት እንዋዋስ የሚለው ነው። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ጸሐፊያችን ይቀጥሉ።