የዛልጊሪስ ብቸኛ ዋንጫ

የተከበራችሁ የክለብ ኃላፊዎች፣ አሰልጣኞች፣ ተጫዋቾችና የቅርጫት ኳስ ወዳጆች፤

ስለ አንድ የአውሮፓ ክለብ ታሪክ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ ሪያል ማድሪድን ወይም የሞስኮውን ሲኤስኬኤን እመርጣለሁ ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ የመረጥኩት ግን የአውሮፓን ትልቁን ዋንጫ አንድ ጊዜ ብቻ ያነሣውን የሊቱዌኒያውን ዛልጊሪስን ነው። ይህ ክለብ በታሪኩ ያፈራው ታላቁ ተጫዋች ያንን ዋንጫ ለክለቡ አላመጣም፤ ዋንጫው የመጣው እሱ በሌለበት ጊዜ ነው። የዛሬ ንግግሬም በዚሁ ጉዳይ ላይ ያተኩራል። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ዛልጊሪስ የተመሠረተው በ1944 በካውናስ ከተማ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው የሊቱዌኒያና የፖላንድ ሠራዊት በ1410 የቴውቶን ባላባቶችን ድል ካደረገበት ጦርነት ነው። ቅርጫት ኳስ ግን ለካውናስ አዲስ አልነበረም። የሊቱዌኒያ ብሔራዊ ቡድን በ1937 ሪጋ ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ውድድሩ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ጊዜያዊ ዋና ከተማ በነበረችው በካውናስ ሲካሄድ ድሉን ደገመው። ለ1939ኙ ውድድር የተሠራው አዳራሽ በኋላ የዛልጊሪስ ቤት ሆነ፤ ክለቡም እስከ 2011 ድረስ አልለቀቀውም። ሶቪየት ኅብረት አገሪቱን ስትጠቀልል ነፃ መንግሥቷና ሰንደቅ ዓላማዋ ተወሰዱ፤ ኳሱ ግን ቀረ፤ ሕዝቡም በግልጽ መናገር ያልቻለውን ሁሉ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በጩኸት ሲናገር ኖረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክለቡ የሶቪየት ሻምፒዮን የሆነው መጀመሪያ በ1947፣ ቀጥሎም በ1951 ነበር። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ አራት ዓመት ዋንጫውን ሌሎች ወሰዱት፤ ከሁሉም በላይ ሲኤስኬኤ። ሲኤስኬኤ የጦር ሠራዊቱ ክለብ ስለነበረ፣ ከየሪፐብሊኩ ብቅ ያሉ ጎበዝ ልጆችን በውትድርና ግዴታ ስም ወደ ራሱ መውሰድ ይችል ነበር። የመሥሪያ ቤት ክለብ አቅም ምን ያህል እንደሆነ እኛም አገር ስለምናውቅ፣ ይህንን ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ይህንን የበላይነት የሰበረው በአሰልጣኝ ቭላዳስ ጋራስታስ የሚመራው ትውልድ ነው። ሪማስ ኩርቲናይቲስ፣ ቫልደማራስ ቾሚቹስ፣ ሰርጌዩስ ዮቫይሻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁመቱ 2 ሜትር ከ20 የሚያልፈው የካውናስ ልጅ አርቪዳስ ሳቦኒስ የዚህ ቡድን አባላት ነበሩ። ሳቦኒስን ልዩ ያደረገው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ግዙፍ ሰውነቱ እንደ አጭር ኳስ አከፋፋይ ሜዳውን እያየ ኳስ ያቀብል ነበር፤ ከሩቅ ሲወረውርም አይስትም ነበር። ዛልጊሪስ በ1985፣ በ1986 እና በ1987 ተከታትሎ የሶቪየት ሻምፒዮን ሆነ፤ ሦስቱንም ጊዜ በፍጻሜው ያሸነፈው ሲኤስኬኤን ነው። ከእነዚህ ተጫዋቾች ሳቦኒስ፣ ኩርቲናይቲስና ቾሚቹስ በ1988 ሴኡል ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስደዋል፤ ወርቁ ግን የተመዘገበው በሶቪየት ኅብረት ስም ነው።

ያ ቡድን በአውሮፓ መድረክ ግን አልቀናውም። በ1985 ግሬኖብል ላይ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ፍጻሜ በባርሴሎና 77 ለ 73 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ቡዳፔስት ላይ ለትልቁ ዋንጫ ኮከቡ ድራዠን ፔትሮቪች ይጫወትበት ከነበረው ከሲቦና ዛግሬብ ጋር ተጋጠመ። በዚያ ጨዋታ ሳቦኒስ ተጋጣሚውን ሚሆቪል ናኪችን በቡጢ መትቶ ከሜዳ ተባረረ፤ ጨዋታውም በሲቦና 94 ለ 82 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። በእኔ ግምት ሽንፈቱን በአንዲት ቡጢ ብቻ ማሳበብ ለሲቦና አይገባውም፤ ሲቦና ያለፈው ዓመት ሻምፒዮንም ነበር። ነገር ግን ጨዋታው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲጫን፣ ያ ሰው ሲጎድል ምን እንደሚቀር በግልጽ አሳይቷል።

ሳቦኒስ በ1989 ወደ ስፔን ሄደ። የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣው በ1995 ከሪያል ማድሪድ ጋር ነው፤ በዚያው ዓመትም ወደ አሜሪካው ፖርትላንድ ተሻገረ። ሊቱዌኒያም በመጋቢት 1990 ነፃነቷን አወጀች፤ የራሷ ሊግ በ1993 ሲጀመር ዛልጊሪስ ተከታታይ ዋንጫዎችን መሰብሰብ ጀመረ፤ ከትናንሽ ክለቦች ጋር የሚደረግ ውድድር ግን ለአውሮፓ ብዙም አያዘጋጅም።

ስለዚህ አሰልጣኝ ዮናስ ካዝላውስካስ የሠራው ሥራ ትልቅ ግምት ይገባዋል። በ1998 ቤልግሬድ ላይ ቡድኑ የሚላኖውን ስቴፋኔል 82 ለ 67 አሸንፎ በደረጃ ከትልቁ ቀጥሎ ያለውን የአውሮፓ ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ዋናው ዓመት መጣ። ቡድኑ ሳውሊየስ ሽቶምበርጋስን የመሳሰሉ የአገር ልጆችን ይዞ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የማይሞላውን አሜሪካዊ ታየስ ኤድኒን፣ አንቶኒ ቦዊንና ቼኩን ዪርዢ ዚዴክን ጨመረ። በሚያዝያ 1999 ሙኒክ ላይ በግማሽ ፍጻሜው ኦሊምፒያኮስን 87 ለ 71 ረታ፤ በፍጻሜው ደግሞ የዋንጫውን ባለቤት ኪንደር ቦሎኛን 82 ለ 74 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ኮከብ ተጫዋች የተባለው ኤድኒ ነበር። ቡድኑ ኳስን በፍጥነት እያዘዋወረ የሚጫወት ስለነበረ፣ ተጋጣሚው ማንን ነጥሎ መያዝ እንዳለበት ይቸገር ነበር። ከዚያ አሥራ ሦስት ዓመት በፊት ቡዳፔስት ላይ ያልተገኘው ይኸው ነው።

ሳቦኒስ በ2003 ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱን በያዘበት በዚያ ወቅት የትልቁ የአውሮፓ ውድድር መደበኛ ዙርም ሆነ የምርጥ አሥራ ስድስቱ ዙር ኮከብ ተብሎ ተመረጠ፤ እኔ ይህንን ከሙኒኩ ዋንጫ ባልተናነሰ አደንቃለሁ። በሚያዝያ 2004 ቴል አቪቭ ላይ ዛልጊሪስ ማካቢን በሦስት ነጥብ እየመራ ሁለት ሰከንድ ያህል ሲቀረው፣ የማካቢው ዴሪክ ሻርፕ የሦስት ነጥብ ኳስ አስገብቶ ውጤቱን አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ማካቢ 107 ለ 99 አሸነፈ፤ ለሳቦኒስም ትልቁን ዋንጫ ለዛልጊሪስ የማምጣት የመጨረሻው ዕድል አለፈ።

የቀጣዩን ዘመን የባለቤትነት ጣጣ ባጭሩ ልለፈው። በ2009 ክለቡን የተረከበው ባለሀብት አሰልጣኞችን ቶሎ ቶሎ ቀያየረ፤ የባለሀብቱ ባንክም በ2013 ሥራው ሲቆም ክለቡ ዕዳ ውስጥ ወደቀ። ሆኖም በ2011 የተከፈተው ወደ 15,000 ተመልካች የሚይዘው አዲሱ አዳራሽ መሙላቱን አላቆመም፤ የከተማዋ ሕዝብ ግን ወደ ሦስት መቶ ሺህ ብቻ ነው። ከትኬት የሚገኘው ገቢም ክለቡን ካቆሙት ነገሮች አንዱ ነው።

ከዚያ የካውናሱ ልጅ ሻሩናስ ያሲኬቪቹስ በአሰልጣኝነት መጣ። በነገራችን ላይ፣ አንድ ተጫዋቹ ልጁ ሲወለድ ለመገኘት በወሳኝ ጨዋታ ወቅት መሄዱን ጋዜጠኛ ሲጠይቀው የሰጠው፣ ከኳስ የሚበልጥ ነገር መኖሩን ያስረዳበት መልስ በዓለም ዙሪያ ታይቷል። በ2018 ዛልጊሪስ ከሊጉ ባለጸጎች በእጅጉ ባነሰ በጀት ኦሊምፒያኮስን በተከታታይ ጨዋታዎች 3 ለ 1 አሸንፎ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ወደሚገናኙበት ቤልግሬድ ገባ። ግማሽ ፍጻሜውን በፌነርባህቼ 76 ለ 67 ተሸነፈ፤ ለሦስተኛነት ግን የድሮ ባላንጣውን ሲኤስኬኤን 79 ለ 77 ረታ። ለጥንቶቹ ደጋፊዎች ያቺ የሁለት ነጥብ ልዩነት ከሦስተኛነቱም ትበልጥ እንደነበር እገምታለሁ።

ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።