«ሆፕ» ሁሉ ዝላይ አይደለም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት «ሆፕ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል በአየር ላይ ካነሳሁ ወዲህ ስልኩ አላረፈም። ሰዓት አልቆብን ያልመለስኳቸውንም ጨምሬ እነሆ።

«ሆፕ» እና «ጃምፕ» ሁለቱም መዝለል አይደሉም እንዴ? (ተማሪ፣ ከማራኪ)

ናቸው። ግን ሰው «ሆፕ» አደረገ ከተባለ በአንድ እግሩ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወቱ እንጣጥ እንጣጥ የምትሉት ማለት ነው። ሥሉስ ዝላይ ላይ የመጀመሪያው ዝላይ «ሆፕ» የተባለው አትሌቱ በተነሳበት እግር መልሶ ስለሚያርፍ ነው። እንቁራሪትና ወፍ ግን ሁለት እግራቸውን አንድ ላይ ቢያነሱም «ሆፕ» ይባልላቸዋል።

አንድ ፈረንጅ ለጓደኛው «ሆፕ ኢን» ሲለው ባጃጄ ላይ ሊዘል መስሎኝ ደነገጥኩ። (አሽከርካሪ፣ ከአዘዞ)

አይዞህ ወንድሜ፣ «ግባ» ነው ያለው። ሁሌ የምለውን ልድገመው፦ ቃልን ብቻውን አትያዙ፣ ከነጎረቤቱ ያዙት።

«አይላንድ ሆፒንግ»ስ? (አስጎብኚ፣ ከጎርጎራ)

ከደሴት ደሴት መዞር። ጣና ላይ በጀልባ ከገዳም ገዳም ስትወስዳቸው እሱን እያደረጋችሁ ነው። ከጎንደር ላሊበላ ያለው አጭር በረራም «ሾርት ሆፕ» ይባላል።

የልጄ መዝገበ ቃላት «ሆፕ» ጌሾ ነው ይላል። እውነት ነው? (ጠላ ጠማቂ እናት)

አይደለም እናቴ። ሥራቸው ይመሳሰላል፣ ሁለቱም መጠጡን ያመርሩታል፤ ግን የተለያዩ ተክሎች ናቸው። የቢራው «ሆፕ» እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሐረግ ነው፣ የሚፈለገውም አበባው ነው። የእርስዎ ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፣ ቅጠሉና እንጨቱ ነው የሚገባው። ከዝላዩ ጋርም ድምፁ ገጠመ እንጂ የቃል ዝምድና የላቸውም። ለእንቅልፍ መድኃኒት ይሆናል ወይ ያሉኝን ግን ፋርማሲ ይጠይቁ፣ እኔ የቋንቋ መምህር ነኝ።

«ተስፋ አደርጋለሁ» ለማለት «ሆፒንግ» ስጽፍ ፒ አንድ ነው ሁለት? (ሥራ ፈላጊ፣ ከፒያሳ)

አንድ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ተስፋው «ሆውፕ» ነው፤ መጨረሻው ላይ የማትነበብ ኢ አለች። «ኢንግ» ሲጨመር ኢዋ ትወድቃለች፣ ፒ አንድ ሆኖ ይቀራል። ዝላዩ «ሆፕ» ግን መጀመሪያም ኢ የለውም፣ ስለዚህ ፒው ይደገማል።

በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ካኪ ፖስታ ይዞ ቤቴ መጣ። ውጤቱ ያማረ፣ ማመልከቻው ጥርት ብሎ የታተመ። የመጨረሻው መስመር ላይ ግን ሁለት ፒ! «መልሳችሁን በተስፋ እጠብቃለሁ» ሊል ፈልጎ «መልሳችሁን ለመስማት በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ነው» ብሏል። 8 ቦታ አስገብቶታል። ከየት አመጣኸው ስለው፣ ኮምፒውተር ቤት የቆየ ፋይል ከፍተው ስሙን ብቻ ቀይረው ሰጡት። ልጆቼ፣ በእናታችሁ፣ የሰው ማመልከቻ ስም ቀይራችሁ አታስገቡ! ኮምፒውተሩም አያድናችሁም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ቀይ መስመር አያሰምርባችሁም።

አማርኛችንም ያሳስተናል። «ገና»ን አላልተን ስናነበው «ቆይ፣ አልደረሰም» ነው፣ ስናጠብቀው በዓሉ፤ ፊደሉ ግን አይደገምም። እንግሊዝኛ ላይ ሁለት ፒ ስናይ ማጥበቅ ይመስለናል። አይደለም፣ ከሱ በፊት ያለው ድምፅ አጭር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ፒውን አታጥብቁ፣ ኦውን አሳጥሩ። ከማስገባታችሁ በፊትም ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ከነጎረቤቱ።

ለቪዛ የልደት ሰርተፍኬቴን በስልኬ ብተረጉመውስ?

አይሆንም። ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ጋ ሂጂ።

በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ስፖርት ስሠራ ጉልበቴን ያመኛል።

ዝላዩን ዛሬውኑ አቁምና ሐኪም ይይህ።