ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት ሜትሩ ይውረድ

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን አረፈዳችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የውሃ ኮሚቴ አባላት፣ የቆቦ ሰዎች። እንኳን ለዚህ ጉድጓድ ምረቃ አደረሳችሁ።

እንዳላስረዝም ተነግሮኛል። የመጣሁበትን ሳልናገር ግን አልወርድም።

ከመካከላችሁ ጅቡቲ መኪና የነዳ አይጠፋም። እኔም በልጅነቴ የአጎቴ ረዳት ሆኜ ወርጃለሁ። ገና እንደደረስን ሻይ አዘዝን። አንዴ ፉት ብዬ ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። ስኳሩን ከጨው ጋር ያምታቱት መሰለኝ። አጎቴ ግን ዝም ብሎ ይጠጣል። «ውሃው ነው፣ ትለምደዋለህ» አለኝ። ማታ ልታጠብ ስል ሳሙናው አረፋ እምቢ አለ። ሌሊቱን ሙሉ የቤታችን የእንስራ ውሃ በዓይኔ ሲሄድ አደረ።

ነገሩ የገባኝ የውሃ ትምህርት ስማር ነው። ከተማው የሚጠጣው ከከርሰ ምድር ነበር። ሲሳብ፣ ሲሳብ፣ ባሕሩ በሥር ገባበት። ዛሬ ከእኛው ሶማሌ ክልል ጉድጓዶች በረጅም ቱቦ ውሃ ይላክለታል።

የኖራ ድንጋይ ያለበት ባሕር ዳር ደግሞ ይብሳል። ድንጋዩን ውሃ ስለሚያሟሟው ስንጥቅና ዋሻ ይበዛበታል፤ ጨው መንገድ አያጣም። አሜሪካኖቹ ማያሚ አካባቢ ረግረጉን በቦይ አጠነፈፉ። የጉድጓዱ ውሃ ዝቅ ሲል ባሕሩ ተከትሎ ገባ። የሚጠጣው ውሃ ቀለል ስለሚል በጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ካለ፣ ከወለሉ በታች 40 ሜትር ያህል አለ ማለት ነው። ከላይ ያቺ 1 ሜትር ስትጎድል የታቹ 40 ሜትር ቀስ በቀስ ለጨው ይለቀቃል። ከ100 ሊትር ውስጥ 2 ሊትር የባሕር ውሃ ከገባ አፍ ያውቀዋል።

«እኛ ምን ባሕር አለን?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከዞብል ማዶ አፋር እንጂ ባሕር የለም። የእኛ ጨው የሚመጣው በመስኖው ነው። በሊትር ግማሽ ግራም ጨው ያለበት ውሃ ጥሩ ውሃ ነው፤ ይጠጣል። አንድ ሄክታር ሽንኩርት በዓመት 5,000 ሜትር ኩብ ብናጠጣው ግን 25 ኩንታል ጨው መሬቱ ላይ አራገፍን። ውሃው ይተናል፣ ጨው አይተንም። ዝናብ ካላጠበው እዚያው ይከማቻል። ይኸው ባለፈው ሳምንት ከአንድ ማሳ ያነሳሁት አፈር። ነጩን እዩት። ቅመሱት። ሽንኩርት ደግሞ ጨው አይችልም።

አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልግባ። አምና የአንድ ጉድጓድ ውሃ የት እንደደረሰ ልለካ ሄድኩ። ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮኸውን ሜትር ተሸክሜ በእግሬ ነው የሄድኩት። ክዳኑ ዙሪያውን በብየዳ ታሽጓል! አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ እንኳ አልተዉም። ኮንትራክተሩን ብጠይቀው «ፓምፑ ይሠራል አይደል?» አለኝ። ይሠራል! ፓምፕማ የመጨረሻዋን ጠብታ እስኪያወጣ ይሠራል! በየክረምቱና በየበልጉ የገባውን፣ በየበጋው የወጣውን ካልለካን ከልጆቻችን ጎተራ በጨለማ እየዘገንን ነው። ይህን ለማወቅ ምሁር አያስፈልግም። ቀዳዳ፣ ሜትር፣ ደብተር፣ አንድ ታማኝ ሰው። ይኸው ነው! ይህን መከልከል በደል ነው!

ሌላም ነበረኝ። ጉድጓዶቹ አይጠጋጉ። ውሃው ከክረምት በፊትና በኋላ ላቦራቶሪ ይግባ። ሌላውን በኮሚቴ ስብሰባ እናወራዋለን።

የዚህኛው ክዳን ቀዳዳ አለው፤ ትናንት ማታ አይቼዋለሁ። ሜትሩን ይዤ መጥቻለሁ፣ ደብተሩም ይኸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከፈቀዱልኝ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት እንለካ። አንድ ወጣት ይምጣልኝና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያንብብ።