«ቁልቁለት እኮ ነው»

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ጎማ ነፋስ ላወራ ቃል ገብቼ ነበር። ባጭሩ ልጨርሰው፦ ነፋሱ ሲጎድል ጎማው መሬት ላይ ይተኛል፣ ሞተሩም የተኛውን ጎማ እየጎተተ ይውላል። በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩት። ልኩ በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሌላው ልሂድ። ከእሑድ ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

አባዬን በሃይብሪድ መኪናዬ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም በሚሄደው፣ አሳፍሬ እየሄድን ነበር። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደረስን፣ ፊታችን ላይ መኪና የለም። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሣሁ። ሞተሩ ዝም አለ፤ ስክሪኑ ላይ ጉልበቱ ወዴት እንደሚሄድ የምታሳየው ቀስት ዞራ ከጎማው ወደ ባትሪው መሄድ ጀመረች። ይህችን ቀስት ምን ያህል እንደምወዳት ታውቃላችሁ። መኪናው በራሱ ክብደት እየወረደ፣ የሚሽከረከረው ጎማ ሞተር ጀነሬተሩን (ጎማ ሲያዞረው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን የኤሌክትሪክ ሞተር) እያዞረ ባትሪውን ይሞላል። ለቁልቁለቱ የሚከፈል ዋጋ የለም።

የአባዬ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ተነሣ። ቀስ ብሎ ነው የተነሣው፤ መነጽራቸውን የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መዳፋቸው የማርሹ ራስ ላይ አረፈ። አልገፉትም፣ አልጎተቱትም፤ ዝም ብሎ አረፈ። እኔ ግን «አይንኩት!» አልኩ። ቃሉ የአክብሮት ቃል ነው፤ ድምፄ ግን አክብሮት አልነበረበትም። ደጋግሜ የምሰማው ድምፁን ነው።

እጃቸውን መለሱ። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና በሌላው እጃቸው ሸፈኑት። ትንሽ ቆይተው «ቁልቁለት እኮ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ሊያደርጉ የፈለጉት ገብቶኛል። ማርሹን ነጻ ሊያደርጉልኝ ነበር። አርባ ዓመት ሲነዱ ቁልቁለት ሲያገኙ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ነዳጅ ለመቆጠብ። በካርቡሬተር ዘመን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ያ የድሮ ዕቃ በነበረበት፣ ልክ ነበሩ፦ ማርሽ እንደገባ ከወረድክ ሞተሩ በፍጥነት ይዞርና ቤንዚን ይስባል፤ ነጻ ካደረግከው ትንሽ ብቻ ይበላል። ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚረጩት ሞተሮች ሲመጡ ነገሩ ተገለበጠ፤ ማርሽ እንደገባ እግርህን ስታነሣ ነዳጁ ጨርሶ ይቋረጣል። በእኔ መኪና ደግሞ ማርሹ ነጻ ከሆነ ባትሪው አይሞላም፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ስለዚህ እኔ ትክክል ነበርኩ። በዚያ ላይ በሚሄድ መኪና ላይ ከሾፌሩ በቀር ማንም ማርሽ መንካት የለበትም፤ ይህንን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ስለ አደጋ አልነበረም። ስለ ቀስቷ ነው።

መኪናው የሚበላውን ነዳጅ የምጽፍባትን ሰማያዊ ደብተር ዛሬ ከፈትኳት። መኪናውን በገዛሁበት ወር ለ100 ኪሎ ሜትር 5.9 ሊትር። ይህ ከማደያው ደረሰኝ ላይ የተሰላ ነው፤ ስክሪኑ ሁልጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው የሚያሳየኝ፣ ስለዚህ በደብተሯ ነው የማምነው። በሁለተኛው ወር በኤሌክትሪክ ብቻ የሚያስኬደውን ቁልፍ ያለማቋረጥ እጫን ነበር። 6.1 ሆነ። ለምን ብዬ ተበሳጨሁ፤ ነገሩ ግን ግልጽ ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ መኪና ባትሪ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዘው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት አለ። ያንን ጠብታ ጨርሼ ስጨርስ ሞተሩ ተነሥቶ በቤንዚን ይሞላዋል፣ በመንገድ ላይም ይባክናል።

ከዚያ ሌላ ሒሳብ ሠራሁ። 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የያዘው ጉልበት፣ የሞተሩን ብክነት ጨምራችሁ፣ ወደ 15 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ፍሬን ረግጠን በቆምን ቁጥር አንድ ማንኪያ ቤንዚን የፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የእኛ መኪና ከፊሉን ይመልሳል፣ ቀስ ብለን ከያዝነው ማለቴ ነው፤ ድንገት ከረገጥነው ግን ሥራውን የሚሠራው ሸራው ነው። የተመለሰውም ወደ ባትሪ ሲገባ ይቀንሳል፣ ሲወጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ከሁሉም የሚሻለው ፍሬን አለመፈለግ ነው። ሩቅ ማየት፣ መብራቱ ቀይ መሆኑን ከሩቅ አይቶ እግርን ቀድሞ ማንሣት። ይህንን ብቻ ስይዝ 4.7 ገባሁ። በደስታ የነገርኳችሁ ያን ጊዜ ነው፤ መኪናው አስተማረኝ ብዬም ነበር።

መኪናው አይደለም ያስተማረኝ። መንዳት ስለምድ አባዬ አጠገቤ ተቀምጠው «ፍሬን የምትረግጠው ቀድመህ ስላላየህ ነው» ይሉኝ ነበር። በየመታጠፊያው። ያን ጊዜ ይሰለቸኝ ነበር፤ አሁን ግን እግሬ የሚያደርገው እሱን ነው። ስክሪኑ ያደረገው ነገር ቢኖር በቀስት ሥሎ ማሳየት ነው።

ታዲያ እሑድ «ሩቅ ማየቱን ከእርስዎ ነው የተማርኩት» ልላቸው እችል ነበር። ወይም ቀስቷን ላሳያቸው። የቴክኒክ ነገር ይወዳሉ፤ ሞተር ጀነሬተሩ እንዴት እንደሚሠራ ብነግራቸው መኪናው እስኪቆም ድረስ ይጠይቁኝ ነበር። ምናልባት አሁንም… እንጃ። አሁን ባነሣው ይቅርታ መጠየቄ ይሆናል፣ እሳቸው ደግሞ ይቅርታ የሚጠየቁበትን ነገር አይወዱም።

ትናንት ደወልኩ። «ላድርስዎት?» አልኳቸው። «ተወው፣ ቅርብ ነው፤ ለአጭር መንገድ መኪና አይነሣም፣ ነዳጅ ይበላል» አሉኝ። ይህም ልክ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ባትሪው ሙሉ ቢሆን እንኳ ራሱንና የጭስ ማጣሪያውን ለማሞቅ ይነሣል፤ ሳይሞቅ የሚያልቅ መንገድ ደግሞ ደብተሬ ላይ ከሁሉም የከፋው ነው። የሃይብሪድ መኪና ነድተው አያውቁም፤ ግን ያውቁታል። «ልክ ነዎት» አልኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያሰብኩት፤ ያሉኝ በእርግጥ ስለ ነዳጁ ብቻ ከሆነ…

ሲሄዱ ቁልቁለት ነው። ሲመለሱ ዳገት አለ። እሱን አልጠየቅኳቸውም።