ክፍሉን ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት፦ ክፍልና ዕቃ በሲስተም ላይ እንዴት ይመዘገባል?

[ስክሪን ላይ፦ የስብሰባ ክፍል በር፣ ከፊቱ ሁለት ቡድን]

ሁለቱም ቡድኖች “እኛ ይዘነዋል” ይላሉ። አንዱ ለጸሐፊዋ ነግሯል፣ ሌላው ኢሜይል ልኳል። የክፍሉን ፕሮግራም አንድ ቦታ የያዘ ግን የለም።

መፍትሔው ለክፍሉ የራሱን ካላንደር መስጠት ነው። ማይክሮሶፍት 365 ላይ እንየው።

[ስክሪን ላይ፦ የአድሚን ገጽ]

እዚህ ክፍሉ እንደ ሠራተኛ የራሱ ኢሜይል ይኖረዋል። ስብሰባ ስትጠሩ እሱንም ትጠሩታላችሁ። ነጻ ከሆነ እሺ ይላል፣ ከተያዘ ይመልሳችኋል። መልሱን የሚሰጠው ሲስተሙ ራሱ ነው።

ስሙን “ትልቁ አዳራሽ” አትበሉት፤ ነገ ሌላ ትልቅ አዳራሽ ይመጣል። ሕንጻውን፣ ፎቁንና የክፍሉን መጠሪያ ጻፉ። ስንት ሰው እንደሚይዝም አስገቡ። በግምት ሳይሆን ወንበር ቆጥራችሁ።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት ፕሮጀክተሮች፣ አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ ቦርሳ ውስጥ]

ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። ጣሪያ ላይ የታሰረው ፕሮጀክተር የክፍሉ አካል ስለሆነ ከክፍሉ መረጃ ጋር ይጻፋል። ከክፍል ክፍል የሚዞረው ግን ለብቻው ይመዘገባል። ማይክሮሶፍትም ክፍልንና ዕቃን ለያይቶ ነው የሚመዘግበው።

የመሥሪያ ቤቱ መኪናም ዕቃ ውስጥ ይገባል። ሹፌሩስ? እሱ ዕረፍት ላይ ሆኖ የመኪናው ካላንደር “ነጻ ነው” ቢላችሁ የትም አትሄዱም። ስለዚህ ለመኪናውም ለሹፌሩም ጥሪ ላኩ።

[ስክሪን ላይ፦ በተጣጣፊ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ አዳራሽ]

ይሄኛው ፈተና ነው። ግማሽ “ሀ”፣ ግማሽ “ለ”፣ ከዚያ ደግሞ “ሙሉው” ብላችሁ ሦስት ቦታ ብትመዘግቡት፣ ሦስቱ የሚተዋወቁበት መንገድ ከሌለ አንዱ “ሀ”ን፣ ሌላው “ሙሉው”ን በአንድ ሰዓት ይይዛሉ። እኔ ብሆን ሁለቱን ግማሾች ብቻ እመዘግባለሁ። ሙሉውን የፈለገ ሁለቱንም ይያዝ። ትንሽ ያሰለቻል፣ ግን ጭቅጭቅ የለውም።

[ስክሪን ላይ፦ የቡኪንግ ገደቦች]

በመጨረሻ ገደቦቹን እዩ። ካልነካችኋቸው ክፍሉን አስቀድሞ መያዝ የሚቻለው ከዛሬ እስከ 180 ቀን ድረስ ላለ ጊዜ ነው፣ አንድ ስብሰባም ከ24 ሰዓት አይበልጥም። “በየሰኞው” ብላችሁ ማብቂያ ቀን ሳትሰጡ የላካችሁት ጥሪ የሚመለስባችሁም በዚሁ ምክንያት ነው። ከ180 ቀኑ የማያልፍ ማብቂያ ስጡትና እንደገና ላኩት።